ባና በቴሌቪዥኑ መሃል

የረጠበ ባና ሽታ ምን እንደሚመስል ያላጠበ ሰው አያውቀውም። ደርቆ አልጋ ላይ ሲውል ምንም የማይል የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ውሃ ሲነካው እንደገና በግ ይሆናል፤ ዝናብ የመታው፣ በረት በር ላይ ተጋፍቶ የቆመ በግ። ባለፈው ቅዳሜ ፀሐይ ወጣች ብዬ አሮጌውን ባና በትልቁ ሳፋ ዘፍዝፌ በእግሬ ስረግጠው ያ ሽታ ተነስቶ አፍንጫዬን ሞላው። እኔ ግን የታየኝ በግ አይደለም፤ የታየኝ እዚሁ መሐል ሜዳ ከተማ የነበረው የታዴ ጌም ቤት፣ ከመጋረጃው ሥር የሚያፈተልከው ሰማያዊ ብርሃን፣ መጥረቢያና ሚሳኤል ታጥቀው የሚዋጉ፣ ቤት የሚያካክሉ የብረት ሰዎች ናቸው።

ያን ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። የሰፈራችን ልጅ ታዴ ሁለት ዓመት ደብረ ብርሃን ሠርቶ ሲመለስ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የጌም ማሽንና ሁለት ጆይስቲክ ይዞ መጣና የእናቱን የእህል ማስቀመጫ ክፍል ጠርጎ ጌም ቤት ብሎ ከፈተው፤ ጠረገው እንጂ የገብሱ ሽታ አልወጣለትም፣ ልጆቹ ሲንጫጩም ከግድግዳው ስንጥቅ እብቅ ይረግፍ ነበር። በሩ ሲዘጋ ሰው ይታፈናል፣ ሲከፈት የቀኑ ብርሃን የቴሌቪዥኑን ምስል ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ታዴ ከእናቱ አልጋ አንስቶ ባና ሰቀለበት። ክረምት ሲገባ ባናው ጉሙንና ካፊያውን ሲጠጣ ውሎ እንደ ሰው ይከብዳል፤ የሚገባም የሚወጣም ልጅ ፊቱን በእርጥብ በግ ሳይታጠብ አያልፍም።

ሴት ልጅ እዚያ ቤት አትገባም ነበር። የከለከለ የለም፤ ግን ለእኔ ያልተከለከለው ነገር ከተከለከለው ይብስብኝ ነበር፣ ዓይነ አፋርነቴ ልክ አልነበረውምና። አስተማሪያችን ስም ሲጠራ "አቤት" የምለው እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ ስለነበር፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ስንት ቀን "ቀሪ" ተብያለሁ። ወደ ጌም ቤቱ የሚያደርሰኝ አንድ ምክንያት ብቻ ነበረኝ፤ ታላቅ ወንድሜ ሀብታሙ ከትምህርት ቤት ሲወጣ በቀጥታ እዚያ ስለሚገባ እናቴ በየቀኑ "ብርቄ፣ ሂጂ ያንን ልጅ ጥሪው" ትለኛለች። እሄዳለሁ፣ ግን አልጠራውም። የባናውን ጫፍ ይዤ፣ ግማሽ ፊቴን ውስጥ ግማሹን ውጭ አድርጌ በአንድ ዓይኔ እያየሁ እቆማለሁ። ጨዋታው አልቆ ሲወጣ ይጋጨኛል። "መቼ መጣሽ?" ይለኛል። "አሁን" እላለሁ። አንዳንዴ ያ አሁን አንድ ሰዓት የሞላው አሁን ነበር፤ አንዱ ጆሮዬ ሞቆ፣ ሌላው በብርድ ደንዝዞ።

ሌላ ቦታ ጨዋታው ኳስ ነው አሉ፤ የታዴ ማሽን ይዞት የመጣው ሲዲ ግን አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም የብረት ሰዎች ውጊያ። ቴሌቪዥኑ መሃል ለመሃል ለሁለት ይከፈላል፤ በግራው ግማሽ አንደኛው ተጫዋች የራሱን ብረት ይነዳል፣ በቀኙ ሁለተኛው። ደሳለኝ የሚባል የወንድሜ ክፍል ልጅ ሁልጊዜ መጥረቢያ ያነሳል፤ ወንድሜ ሁልጊዜ የሩቅ ሚሳኤል። ሚሳኤሉ ትዕግሥት ይፈልጋል። ተራራ ጀርባ ተደብቀህ ጠላት ብቅ እስኪል ትጠብቃለህ፤ ብቅ ሲል ቀይ ክብ ቀስ እያለ ይጠብበታል፣ "ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ" ይላል፣ ከዚያ ስትለቀው ጭሱን እየጎተተ ሰማይ ወጥቶ ይወርዳል። ይወርዳል፣ ግን ምንጊዜም ድንጋይ ላይ። ደሳለኝ ልክ ሊለቀቅበት ሲል ዘወር ብሎ ቋጥኝ ጀርባ ይገባል፣ ሚሳኤሉ ቋጥኙን ይፈልጣል፣ ደሳለኝ እየሳቀ መጥቶ ወንድሜን በመጥረቢያ ይከትፈዋል።

ሙግቱ የተነሳው ከዚህ ነው። ደሳለኝ ሚሳኤል የፈሪ መሣሪያ ነው፣ ድንጋይ ይፈልጥ እንደሆነ እንጂ ሰው አይመታም ይላል። ወንድሜ ደግሞ "ጭላዳን ከገብስህ የምትመልሰው በመጥረቢያ ነው? በወንጭፍ አይደለም?" ይለዋል። "ጭላዳ የሚሸሸው ስትወነጭፍ አይቶህ ነው እንጂ መቼ መታኸው!" ሲለው ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ልጁ ሁሉ የሚሳኤልና የመጥረቢያ ወገን ተብሎ ለሁለት ተከፈለ፤ በትምህርት ቤት ዕረፍት ይጣሉበታል፣ ከቅዳሴ ሲወጡም ይቀጥሉታል።

አባባ ጽጌ የታዴ አያት ናቸው። ዕድሜያቸውን በአንድ የድንበር ድንጋይ ሲሟገቱ ፈጅተውታል፤ ረትተዋል፣ ተረትተዋል፣ ይግባኝ ብለዋል፣ ድንጋዩ ግን ዛሬም እዚያው ነው። የክርክሩን ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ከጋቢያቸው ሥር ሳይዙ ከቤት አይወጡም ነበር። ጌም ቤቱ የሚመጡት ለመሞቅ ነው፤ ሃያ ልጅ የተነፈሰበት ክፍል ከምድጃ ይሻላል እያሉ፣ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ያንጎላጃሉ። የብረት ሰው ቢጋደል ግድ የላቸውም። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር ግን አይችሉም፤ አንድ ቀን ወንድሜና ደሳለኝ አፍ ለአፍ ገጥመው ሲጮሁ ብድግ ብለው መሬቱን በከዘራቸው መቱት።

"ዝም! ይሄ ሙግት ነው ወይስ የውሻ ጠብ? ከሳሹ ማነው?"

ማንም አላወቀም። "ተበደልኩ የሚለው ማን ነው?" አሉ። "ሚሳኤሉ" አለ አንድ ልጅ ከኋላ። "እንግዲያው የሚሳኤሉ ጠበቃ ይቁም!" ወንድሜ ቆመ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጌም ቤቱ ችሎት ሆነ። አንዱ ሲናገር ሌላው አፉን ይይዛል፣ ተናጋሪው ጃኬቱን እንደ ነጠላ ያደገድጋል፣ ሁለቱም ዋስ ይጠራሉ። አባባ በድሮ ጊዜ ተሟጋች በበቅሎ ወይም በማር ይወራረድ እንደነበር ነገሯቸውና "እናንተስ በምን?" ሲሉ፣ በቅሎም ማርም የሌለው ወንድሜ ደሙ ፈልቶ "ማርያምን፣ ከተረታሁ ይሄን ቤት ሁለተኛ አልረግጥም!" አለ። ደሳለኝም "እኔም!" አለ።

ከባናው ጀርባ ሆኜ ሰማሁት። እሱ ቀረ ማለት እኮ እኔ ቀረሁ ማለት ነው። የሚጠራ ከሌለ የሚላክ የለም፤ እናቴ ሂጂ ካላለችኝ ደግሞ እዚያ በር ላይ የምቆምበት ምክንያት በዓለም ላይ አልነበረኝም። የባሰው ነገር፣ እውነቱን አውቅ ነበር። ሌላው ሁሉ ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው፤ እኔ ከበሩ ስለምቆም አጥርቼ የማየው የተጫዋቾቹን ማጅራት ነው። ቀዩ ክብ በወንድሜ ግማሽ ላይ መጥበብ ሲጀምር የደሳለኝ አንገት እንደ ዶሮ ወደ ግራ ቀልበስ ይላል። ቀድሞ የሚያመልጠው ጎበዝ ሆኖ አይደለም፤ የወንድሜን ግማሽ እያየ ነው።

በሦስተኛው ቀን አባባ ጽጌ ደሳለኝን "ተራራው ጋርዶት ሳለ ሊተኩስብህ እንደሆነ በምን አወቅህ?" ብለው ጠየቁት።

"ጢጥታውን ሰምቼ።"

"ከየት በኩል እንደሚመጣስ?"

"እ... ገምቼ።"

አባባ ፈገግ አሉ፤ በ"ገምቼ" ስንት ሰው ሲረታ እንዳዩ እግዜር ይወቅ። ያልተጫወተ፣ ወገን የሌለው ምስክር ይቅረብ አሉ። ሁሉም ተጫውቷል፣ ሁሉም ወገን አለው። ታዴ እንኳ እኔ የማየው ማሽኑ እንዳይግል ነው ብሎ አመለጠ። ቤቱ ጭጭ ባለበት ሰዓት የባናው ጠጉር አፍንጫዬ ገብቶ አስነጠሰኝ። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

"እህቴ ናት፣ አሁን ነው የመጣችው" አለ ወንድሜ።

"እሷ? እሷማ በየቀኑ እዚያው ናት፤ እግሯን ከባናው ሥር አየው የለ እንዴ!" አሉ አባባ። "ነይ ልጄ፣ ያየሽውን ብቻ።"

ባናውን ጎትቼ ፊቴን ሸፈንኩ። ምስክርነቴን የሰጠሁት አፌ ጠጉር ሞልቶት ከዚያ ውስጥ ነው። "ያያል" አልኩ። "ምኑን?" አሉኝ። "በሀብቴ በኩል።" "አልተሰማም፣ ጮክ በይ!" ሲሉኝ "አንገቱን ያዞራል!" ብዬ ጮህኩ፣ የራሴ ድምፅም አስደነገጠኝ።

ደሳለኝ ውሸት ነው ብሎ ሲንጨረጨር አባባ ምስክር የሚሰማው ለየብቻ እንደሆነ ሁሉ ተዋጊም ለየብቻ ይይ ብለው አዘዙና "ያንን ባና አውርዱት!" አሉ። ባናው ከበሩ ተነስቶ ከጣሪያው ወራጅ ላይ ታሰረና እንደ ግድግዳ ቴሌቪዥኑን መሃል ለመሃል ከፍሎ በሁለቱ ተጫዋቾች መካከል ወረደ፤ ወንድሜ በግራ፣ ደሳለኝ በቀኝ። እኔ መደበቂያዬ ተወስዶ እንደተሸለተ በግ በሩ ላይ ቀረሁ። "ብርሃን ገባ፣ በሩን ዝጊው!" ሲሉኝ ዘጋሁት፤ ከዘጋሁት በኋላ ሳየው ውስጥ ነኝ።

ውጊያው ተጀመረ፣ ሁለቱም ተጠፋፉ። ለካስ ወንድሜም ደሳለኝ በየት በኩል ብቅ እንደሚል የሚያውቀው የእሱን ግማሽ ሰርቆ እያየ ኖሯል! ያን በረሃ ሲዞሩት፣ ሲዞሩት፣ እኛ ከኋላ ሁለቱንም እያየን፣ መናገር ግን በከዘራ ተከልክሎ። አንድ ጊዜማ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ቆመው ሁለቱም ወደ ሩቅ ሲያማትሩ አንዱ ልጅ ሳቁን ለመዋጥ ኮፍያውን ነከሰ። በመጨረሻ ደሳለኝ ያላበው እጁን ሱሪው ላይ ሊጠርግ ቆም ሲል ቀዩ ክብ በወንድሜ በኩል ጠበበ፣ ሚሳኤሉ ወጣ፣ ወረደ።

"ከየት መጣ?" አለ ደሳለኝ።

ያ ቤት ከተከፈተ ጀምሮ "ከየት መጣ" ያለ ሰው አልነበረም። በጩኸቱ እብቁ እንደ ካፊያ ረገፈ። በሁለተኛው ጨዋታ ግን ወንድሜ ተራራ ጀርባ ሆኖ ጢጥታ ሲጠብቅ ደሳለኝ ሳያውቀው በኋላው ደርሶ ከተፈው። አንድ ለአንድ ሆኑ። አባባ ጽጌ መሃል ላይ ትንሽ አሸልበው የነበረ ቢሆንም ፍርዱን ቆመው ሰጡ። "ሚሳኤሉ በደል የለበትም፣ መጥረቢያውም። በደለኛው ዓይናችሁ ነው። የተረታ የለም፣ ቤቱን የሚለቅም የለም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ከዛሬ ጀምሮ በየጨዋታው ባናው ጫፍ ላይ ሁለቱንም እያየ ዝም የሚል ሰው ያስፈልጋል አሉ። ለዝምታማ ከእኔ የሚሻል ከየት ይመጣል! ቢጫ ጀሪካን ገልብጠው አስቀመጡኝ። ያን ዕለት የተላኩበትን ነገር ጨርሶ ስለረሳሁት እናቴ እራሷ አርጩሜ ይዛ መጣች፤ ጀሪካኑ ላይ እንደ ዳኛ ተኮፍሼ ስታየኝ "አሁን ሁለታችሁንም የሚጠራ ሦስተኛ ልጅ ከየት ልውለድ!" ብላ አርጩሜውን ጣለችው።

ስምንተኛን ስጨርስ ትምህርቱን ተውኩት፤ ጀሪካኑ ላይ ግን ታዴ ቤቱን እስኪዘጋ ድረስ ተቀምጫለሁ። ሲዘጋው ባናውን "የምስክሯ ነው" ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ክፍሉ ተመልሶ ገብስ ገብቶበታል። አባባ ጽጌ ሲቀበሩ ፌስታላቸው አብሯቸው ይቀበር ወይስ ለልጆቻቸው ይሰጥ በሚል ሰው ሲከራከር ሰማሁ፤ ደስ ይላቸው ነበር። ደሳለኝ ሞላሌ ከተማ ሱቅ አለው። ወንድሜ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገብቷል፤ በቀደም ደውሎ ያንኑ የመሰለ ጨዋታ በስልኩ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር እንደሚጫወት ነገረኝ። "ሚሳኤሉ አሁን አይስትም ብርቄ፤ ከየት እንደመጣ ሳላየው ነው የሚጨርሰኝ" አለ።

"ታዲያ ሙግቱን ረታህ ማለት ነዋ!" አልኩት።

"ማንን?" አለኝ።

ባናውን ጨምቄ ገመዱ ላይ ሰቀልኩትና እንደ ልማዴ ሁለቱም በኩል በሚታይበት ጫፍ ቆምኩ። በአንዱ በኩል የጎረቤታችን ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው በየስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል፤ አንገቱን ወደ ሌላው የሚያዞር የለም። በሌላው በኩል እናቴ በሩ ላይ ወጥታ መንገዱን ታያለች፤ ሂጂ ጥሪው የምትለኝ ሰው የላትም። ውሃው ከባናው ጠብ ጠብ ይላል፣ በጉ ይሸታል። ባዶውን የውሃ ጀሪካን ገልብጬ ተቀመጥኩና፣ አባባ እንዳዘዙኝ፣ ሁለቱንም እያየሁ ዝም አልኩ።