ከፎቶው በታች የነበረችው ካርድ

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ የሙዚየም አስጎብኚ ነበርኩ ስል ሰው ይስቃል። ናዝሬት ደግሞ ምን ሙዚየም አላትና ይለኛል። ነበራት። ከባቡር ጣቢያው ብዙ የማይርቅ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አንድ አዳራሽ ነበር፤ ቀድሞ የእህል መጋዘን ስለነበረ ሞቅ ሲል የበቆሎ ሽታው ይነሳል። እኔ አስጎብኚም፣ ጠራጊም፣ መዝገብ ያዥም ነበርኩ።

ዕቃው ያን ያህል አልነበረም። ከዝዋይ የመጣ ታንኳ ነበረን፤ ውሃ ሲያጣ ጊዜ መሃሉ ተሰንጥቋል። የከረዩዎች የወተት ዕቃ፣ የጣሊያን የብረት ቆብ፣ ብል የበላው በጭድ የተሞላ ትልቅ ወፍ። አንደኛው ግድግዳ የአብዮቱ ነው፤ መፈክርና ፎቶ። የናዝሬት ነፋስ አቧራውን በበሩ ሥር እያስገባ ስለሚያለብሳቸው በቀን ሁለት ጊዜ መስታወት እወለውላለሁ። ጎብኚ በገዛ ፈቃዱ አይመጣም፤ ቀበሌው ወይ የገበሬ ማኅበሩ አሰልፎ ያመጣዋል። እኔም በቃሌ ያጠናሁትን እወጣዋለሁ። በዚያን ዘመን ደስታውም ሐዘኑም የሚሰማኝ በወፍራም ጋቢ ላይ የነኩኝ ያህል ነበር። ከፍቶኝ ነው አልልም፤ ምንም አልነበረም።

ማንም ሳያስገድዳቸው የሚመጡ ጎብኚ አንድ ብቻ ነበሩ፤ ከሁሩታ የሚመጡ አንድ እናት። መጀመሪያ የመጡት ከሴቶች ማኅበር ጋር ተሰልፈው ነው። የአብዮቱ ግድግዳ ጋ ሲደርሱ ከሰልፉ ወጥተው ቆሙ። ፎቶው ላይ አምስት ወጣቶች የጭነት መኪና ላይ ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ። አንዱ ብቻ እጁን አላነሳም፤ ነፋሱ እንዳይወስድበት ኮፍያውን ይዟል።

«ኮፍያውን የያዘው የኔ ነው» አሉኝ። «ኢልመ ኮ። ልጄ። ምን ይላል ጽሑፉ?»

ከፎቶው በታች ያለችውን ካርድ አነበብኩላቸው፦ «የእናት አገርን ጥሪ ተቀብለው ወደ ግንባር በመጓዝ ላይ ያሉ የአካባቢያችን ወጣቶች።»

ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ እህል የጫነ መኪና ላይ ተሳፍረው ይመጡ ነበር። «አከም ጅርታ፣ ልጄ» ብለው ደህንነቴን ይጠይቁኛል፤ መዝገቡን አቀርብላቸዋለሁ። መዝገባችን ላይ ጎብኚ ሁሉ ይፈርማል፤ መጻፍ የማይችል ደግሞ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያሳርፋል። እሳቸውም ጣታቸውን ያሳርፉና ወደ ፎቶው ይሄዳሉ። አነብላቸዋለሁ። «በመጓዝ ላይ» ይላሉ ለራሳቸው፤ ከዚያ ወደ መኪናቸው።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ ከበላይ ቢሮ አዳዲስ ካርዶች በታይፕ ተመትተው መጡ። ለዚያ ፎቶ የመጣው እንዲህ ይላል፦ «ለእናት አገራቸው ክብር የተሰዉ የአካባቢያችን ጀግኖች።» አምስቱም ማለት ነው። ኃላፊዬን፣ ጓድ፣ ለቤተሰቦቻቸው ተነግሯል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«የኛ ሥራ ካርድ መለጠፍ ነው» አለኝ። «መርዶ ነጋሪ ሌላ ክፍል ነው።»

የትኛው ክፍል እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም ለጠፍኩት።

መርዶ በአገራችን በአንድ ሰው አፍ፣ ያውም እንደ ቆሙ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ማለዳ ሽማግሌ ተይዞ ወደ ቤት ይገባል፤ የሚይዝ የሚደግፍ ሰው በዙሪያ ይኖራል። መርዶ ያልተነገረው ደግሞ ልቡ ቢያውቅ እንኳ ልቅሶ አይቀመጥም። እሳቸው በተከታዩ ገበያ መጥተው «ምን ይላል?» ሲሉኝ እዚያ ያለነው እኔና በጭድ የተሞላው ወፍ ብቻ ነበርን። የድሮውን አነበብኩላቸው። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ሁሩታ ሄጄ ሽማግሌዎቹን ላናግር አስብና ነገ እላለሁ። ነገ ዛሬ ስል ወራት አለፉ። ፈሪ ነበርኩ፤ ፍርሃቱ እንኳ ግን በቅጡ አይሰማኝም ነበር።

አንድ ማለዳ በሩን ልከፍት ስመጣ ስምንት ሰዎች ደጁ ላይ ቆመዋል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የቀሩት ሴቶች። እሳቸው ከመሃል ናቸው። ገቡ። እንደ ልማዴ መዝገቡንና ቀለሙን አቀረብኩ። ቀለሙን በእጃቸው ገፉት።

«እስኪርቢቶውን ስጠኝ» አሉ።

ጎንበስ ብለው ስማቸውን ጻፉ። ፊደሎቹ ትልልቅና የተንጋደዱ ነበሩ፤ ከመስመሩም ወጥተዋል። መሠረተ ትምህርት መሆኑ ገባኝ። ሁሩታም እንደ ሌላው አገር ትልልቅ ሰው ሁሉ ማታ ማታ ደብተር ይዞ ይቀመጥ ነበር።

«መቼ ነው ማንበብ የቻሉት፣ እማማ?» አልኳቸው።

«ቆየሁ። ካርዱ ከተቀየረ ሁለት ገበያ ሳይሞላው አንብቤዋለሁ።»

እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ቀጠሉ።

«ብቻዬን አንብቤ ምን ላድርገው? ገበሬ ማኅበሩ ደብዳቤ አልመጣም ይላል። ሳይነግሩኝ ላልቅስ? ዛሬ ሰው ይዤ መጥቻለሁ። እንዳለው አንብበው።»

ፎቶው ጋ ሄድን። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ያዟቸው። በዚያው በአስጎብኚ ድምፄ፣ አንድ ቃል ሳልዘል አነበብኩ። «የተሰዉ» የሚለው ላይ ስደርስ እሳቸው ነጠላቸውን ገልብጠው ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዘቀዘቁት። ከዚያ አዳራሹ በጩኸት ተሞላ። እኔ ካርዷን እያየሁ ቆሜ ነበር። የተሰማኝ ነገር የለም።

በማግስቱ ፈቃድ ሳልጠይቅ ሁሩታ ሄድኩ። ልቅሶው ቤት ሞልቶ ነበር። እግራቸው አጠገብ በርከክ ብዬ፣ «ስዋሽዎት ነው የከረምኩት፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ።

«እኔስ መዋሸትህን መች አጣሁት» አሉ። «አንተ የድሮውን ስታነብልኝ ልጄ ገና መኪናው ላይ ነበር።»

ያኔ አለቀስኩ። አጠገባቸው የነበሩት ሴቶች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።