የቤት ኪራይ በስልክ

«በስልክ ከላክህማ ፊትህን መቼ ላየው ነው?» አሉኝ አከራዬ አዴ ዘይነባ፣ ባለፈው ወር። እኔ ፈላና በር በሚባለው የድሮ ግንብ መግቢያ አጠገብ ብቻዬን የምኖር መምህር ነኝ። እሳቸው ደግሞ ኪራይ ደጅ ላይ አይቀበሉም፤ ጫማዬን አውልቄ ገብቼ፣ መደቡ ላይ ተቀምጬ፣ ስለ እናቴ ጤና ተጠይቄ ነበር የምከፍለው። ጊዜዬን ይሻማብኛል እያልኩ ነዘነዝኳቸው። በመጨረሻ እሺ አሉ።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ሆኜ ላክሁላቸው። አመሻሹ ላይ ግን ቤቱ ጭር ሲልብኝ እግሬ ወደ በራቸው ወሰደኝ። አንኳኳሁ።

«ደርሶኛል፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ስልካቸውን እያሳዩኝ። «ደግሞ ምን ጎደለ?»

«ምንም» አልኩ። አንድ ጫማዬን አውልቄ ነበር።

«በል እንግዲህ፣ ጊዜህን አልሻማብህ ልጄ» ብለው በሩን ዘጉት።