አርብ የሚሠራው ኮት

ዘበኛው ፊደል ባይቆጥርም ሰውን ከእርምጃው ያነባል፤ አንዴ ሌባ በሳሉ ብቻ ለይቶ ይዟል፣ እሱ እንኳ ሌላ ወሬ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሥራ በሳምንት አራት ቀን ይበቃል ብሎ አርብን ከዘጋ ወዲህ፣ ያ የመዝገብ ቤት ሰውዬ ብቻ አርብ ጠዋት ከች ይላል። ድሮም ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ የሚጠፋ ቦዘኔ ነው። ኮቱ ይሻላል፤ ቢያንስ ወንበር ያሞቃል።

«አባባ፣ ይቺን ኮት ወንበሬ ላይ አንጠልጥሉልኝ።»

«ዝግ ነው እኮ፣ አንተ ሰው። ማን ሊያያት ነው?»

«ባለቤቴ በመስኮቱ አይታ ነው የምታልፈው። አርብ ዕረፍት መሆኑን አልነገርኳትም። ቅዳሜና እሁድን እንኳ በመከራ ነው የምትችለኝ።»

ዘበኛው ምራቁን ጢቅ አድርጎ ሰቀለለት። ሰውዬው ከአጥሩ ጀርባ በሸሚዝ ብቻ ተኮራምቶ የመውጫ ሰዓት ጠበቀ። ኮቱ ሙሉ ቀን ሠራ።