ከሳሩ ሥር የተኛው ገመድ

ትልቁን ልጄን የዳርኩ ቀን፣ ሰቆጣ ካለው ቤታችን ደጅ ላይ የተጣለውን ዳስ ያሰናዳሁት እኔው ነኝ። የአገራችን አቧራ ይታወቃል፤ ሰው መጨፈር ሲጀምር ዳሱ ጉም የገባበት ይመስላል። ስለዚህ ማለዳ መሬቱን ውኃ አርከፈከፍኩበትና ከላዩ ለምለም ሳር ጎዘጎዝኩ። ድምፅ ማጉያ የሚያከራየው ሰውዬ ከቤት እስከ ዳሱ መሬት ለመሬት የዘረጋው የኤሌክትሪክ ገመድ ነበር። ለዓይኔ አስጠላኝ። ሰውም እንዳይጠለፍበት ብዬ በሳሩ ሸፈንኩት። ስጨርስ ቆም ብዬ «አቤት ማማሩ!» አልኩ።

ሁለተኛዋ ልጄ የተማረችው ኤሌክትሪክ ነው። ስትመዘገብ አልቅሻለሁ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዐረብ አገር ሲሄድ እሷ ቀረችልኝ ስል፣ እሳት የሚጨበጥበት ሥራ መረጠች። ከሥራ እስክትመለስ ድረስ በር በሩን አያለሁ።

ሙሽሮቹ ከጋዝጊብላ ተነስተው ሊደርሱ ነው ተብሎ ተደወለ። አከራዩ ማጉያውን ሊሰካ ጎንበስ ሲል ልጄ እጁን ያዘችው።

«አያ፣ ሳላየው አይሰካም።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ሰርግ ሳጫውት አንቺ ጡት ትጠቢ ነበር!»

«ጡቱን ከተውኩ ቆየሁ። ገመዱ የት አለ?»

ሰው ሳቀ። እኔ ጠጋ ብዬ «ልጄ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ። ገመዱን እኔ ነኝ በሳር የሸፈንኩት» አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ። «ውኃስ አርከፍክፈሽበታል?»

«ለአቧራው ብዬ...»

«እማዬ፣ ሴቶቹ ጫማቸውን አውልቀው አይደል የሚጨፍሩት?»

ያኔ ገባኝ። በአንድ የዘመድ ሰርግ ላይ ማይክ የጨበጠ ሰው ኮረንቲ ይዞት ሲንዘፈዘፍ አይቻለሁ።

እሷ አልጮኸችም፣ ማንንም አልተቆጣችም። በረንዳው ላይ ካለው ቆጣሪ አጠገብ ዋናውን ማጥፊያ አወረደች። ከዚያ እኔን እዚያው አቆመችኝ። «ማንም እንዳያበራው። እጄ ሽቦው ላይ ነው» ብላኝ ሄደች።

ካለሁበት አያታለሁ። ሳሬን ገለጠችው። ገመዱ መሀል ላይ ሁለት ቦታ ተቀጥሎ፣ ቅጥሉ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ እኔ ባርከፈከፍኩት ውኃ ውስጥ ተኝቷል። ያንን ነቅላ ጣለችና ከራሷ ቦርሳ ቅጥል የሌለው ገመድ አወጣች። በዳሱ እንጨቶች ላይ፣ የሰው እጅ በማይደርስበት፣ እያሰረች አሻገረችው። አንድ ጎኑ የተቃጠለ ሶኬት አገኘች፤ እሱንም ወረወረችው። የማይኩን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቿ መሀል አሳለፈችው። እኔ በርበሬ ስለቅም እንኳ እንደዚያ አልጠነቀቅም።

በዚህ መሀል እልልታው ከበር ተሰማ። ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ እየሮጠ መጣ።

«እታለም፣ ሙሽሮቹ ደጅ ቆመዋል፣ ዳሱ ለቅሶ ቤት መሰለ! አብሪው እንጂ!»

«አላበራም።»

«ዞር በይልኝ ታዲያ!» እጁን በትከሻዬ በላይ ወደ ማጥፊያው ሰደደ።

«ልጄ እጇ ሽቦው ላይ ነው! እኔን ገድለህ አብራው!»

ቅድም ሰው ምን ይለኛል ስል የነበርኩት ሴትዮ፣ ይህን ያልኩት ጮኼ ነው። ጀርባዬን ማጥፊያው ላይ ለጠፍኩት። ዋርሳዬ እጁን ሰበሰበ። ወደ በሩ ዞሮ «በሉ በጭብጨባ አስገቧቸው!» አለ። ከበሮ መጣ። ሙሽራው ልጄና ሚስቱ በጭብጨባ ገቡ፣ ምንም የጎደለባቸው አይመስሉም ነበር። አከራዩም የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ ያቀብላት ጀመር።

ልጄ ሥራዋን ጨርሳ ላብ በላብ ሆና ወደ በረንዳው መጣች።

«እማዬ፣ አሁን አንቺ አብሪው።»

«እኔ?»

«ጠባቂዋ አንቺ አይደለሽ?»

ፊቷን አየሁት፤ የፍርሃት ምልክት የለበትም። ማጥፊያውን ወደ ላይ ገፋሁት። እሷ ተመልሳ ኮረንቲ በሚለየው ቴስተሯ የማጉያውን ብረት፣ የዳሱን ቋሚ፣ የማይኩን ማቆሚያ አንድ በአንድ ነካካች። የቴስተሩ መብራት የትም አልበራም። ለአከራዩ በእሺታ ጭንቅላቷን ነቀነቀችለት፣ ዘፈኑም ተለቀቀ።

ሴቶቹ ከዳር ቆመው መሬቱን ያያሉ። ወሬው ደርሷቸዋል፣ የሚደፍር ጠፋ።

ጫማዬን አወለቅኩና ገባሁ።