ኮሌጅ አስመራጯ ታየች

ታየችን ሰፈሩ አይወዳትም። ይህን ከፊት የማስቀድመው በኋላ ደግ ሴት ናት ብዬ ያታለልሁ እንዳይመስል ነው። ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ጀርባ በአንድ ግቢ ስንኖር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነን፤ እንግዳ ስትቀበል ፈገግ ስትል ያየኋት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የአንድ ትምህርት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ቅጽ መሙላት ስለምታውቅ፣ ልጁን ኮሌጅ ለማስገባት ከገጠር የሚመጣ ሁሉ በሯን ያንኳኳል። የምታስከፍለው የለም። ነገር ግን ኮሌጁን በዓይኗ ሳታይ ቅጽ አትሞላም፣ ማንንም ክፈል አትልም።

ኮሌጅ የምታየው እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ፎቁንና በሩ ላይ የተሰቀለውን የምሩቃን ፎቶግራፍ ዞር ብላ አታየውም። ቀጥ ብላ ወደ ጓሮ ትሄዳለች፤ ቧንቧ ትከፍታለች፣ የሽንት ቤቱን በር ትገፋለች፣ የመለማመጃ ክፍሉን ቁልፍ አምጡ ትላለች። ይህን አመል ያስያዘቻት የወንድሟ የአቶ ገዳሙ ልጅ ወንጌላዊት ናት። ያን ጊዜ ታየች ያየችው የኮሌጁ ፈቃድ ላይ ያለውን ማኅተም ብቻ ነበር፤ ክብ ነው፣ ቀለሙም አልደበዘዘም ብላ ወንድሟን ክፈል አለችው። ፈቃዱ እውነተኛ ነበር። የተሰጠው ግን ለሒሳብ ሥራ ትምህርት እንጂ ልጅቱ ለተማረችው ለፋርማሲ አልነበረም። ወንጌላዊት ዓመታት ደክማ ለመንግሥት የሙያ ምዘና ስትቀርብ መለሷት። ገዳሙ ከዚያ ወዲህ እኅቱን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያገኛት ፊቱን ወደ ግንቡ ያዞራል።

ባለፈው ጥቅምት ደምለው የሚባል ገበሬ ከደምበጫ ገጠር ልጁን እየሩስን ይዞ መጣ። እየሩስ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አልመጣላትም። አባቷ ከጥንድ በሬዎቹ ቀዩን ሸጦ፣ ገንዘቡን በጨርቅ ጠቅልሎ ከወገቡ አስሮታል። ለሰንበቴው ማኅበርተኞች ልጄ ነርስ ልትሆን ነው ብሎ ስለነገራቸው ቆመው መርቀውታል። የመጣው ምክር ፈልጎ ሳይሆን ቅጹን ለማስሞላት ነው። አብሮትም የሺዋስ ነበር፤ ለኮሌጆች ተማሪ እያመጣ በየተማሪው ራስ ገንዘብ የሚታሰብለት፣ በክረምትም በበጋም ያንኑ ሰማያዊ ክራቫት የሚያስር ሰው።

የሺዋስ ምዝገባው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ ተናገረ። ታየች ነጠላዋን አነሣችና እንግዲያ ቶሎ እንሂድ አለች። ጉልበቷን ስለሚያማት እኔም ደግፌያት ሄድሁ።

የሺዋስ የመራን ኮሌጅ ከሥሩ ቀለምና ሚስማር የሚሸጥበት ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ስንወጣ የሺዋስ ይህች ሴትዮ የምትቃጠለው የሰው ልጅ ሲማር ነው እያለ ለደምለው ያንሾካሹክ ነበር፤ እንድንሰማው ብሎ ነው። መለማመጃ ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ አለ፤ የፍራሹ ላስቲክ ገና አልተገለጠም። ጥግ ላይ መርፌ የሚለማመዱበት አሻንጉሊት ቆሟል፤ አንድ እጁ የለም። መታጠቢያው ነጭና አዲስ ነው። ታየች ቧንቧውን ከፈተችው። ጠብ የሚል ነገር የለም። ያንን የሚያማትን ጉልበት እንደምንም አጥፋ ከሥሩ አየች፤ ከግድግዳው የሚያገናኘው ቱቦ ጭራሽ አልተገጠመም።

"ነርስ እጇን በምን እየታጠበች ነው የምትማረው?" አለች።

"በሂደት ላይ ነው፣ እማማ" አለ የሺዋስ።

ከዚያ ፈቃዱን አስመጣች። መነጽሯን አድርጋ በጣቷ መሥመር በመሥመር እየሄደች አነበበችው። ነርስ የሚል የለበትም። ይህም በሂደት ላይ ነው ተባለ።

የሺዋስ ፊቱ ደም መሰለ። "የወንድምዎን ልጅ ዕድሜ ያቃጠሉት እርስዎ አይደሉም? ዛሬ ደግሞ የዚችን ሊያቃጥሉ መጡ።"

በረንዳው ላይ የነበሩት ተማሪዎች ወደ እኛ ዞሩ። እኔ ብሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

"እኔ ነኝ" አለች ታየች። "ጎንበስ ብዬ የማየውም ለዚያ ነው።"

ደምለው ጨርቁን ከወገቡ ፈትቶ በእጁ ይዞ ነበር። የተቆጣው ግን በየሺዋስ አይደለም። ሰንበቴው ፊት ቆሜ ምን ልበል ነው የምትዪኝ ብሎ ታየች ላይ ጮኸ፤ አንቱታውን ያን ጊዜ ተወው።

"ቧንቧ የለውም በላቸው።"

"ምላስሽ ሬት ነው፣ አንቺ ሴትዮ" አላት። ጨርቁን መልሶ ሁለት ጊዜ ቋጠረና ደረጃውን ወረደ። እየሩስ ለነጭ ጋውን ልብስ ሰፊ ጋ ተለክታ ነበር። እያለቀሰች ባጠገባችን ስታልፍ ታየችን ቀና ብላ አይታ "እግዜር ይይልዎት" አለቻት።

በማግስቱ ታየች ወደ መንግሥት ቴክኒክ ኮሌጅ ሄዳ የምዝገባውን የመጨረሻ ቀንና የሚያስፈልጉትን ማስረጃዎች በወረቀት ጻፈች። ወረቀቱን በደምበጫ ሚኒባስ ሾፌር እጅ ላከችው። መልስ አልመጣም። በኋላ እንደሰማነው ደምለው ልጁን እዚያው ኮሌጅ ለኤሌክትሪክ ሥራ ያስመዘገባት በመጨረሻዋ ቀን ነው። በተረፈው ገንዘብ በሬ ቢገዛ ቀንበር ሲያይ የሚተኛ በሬ ደረሰው፤ ገበያ በወጣ ቁጥር ለዚህ ያበቃችኝ ታየች ናት እያለ ይረግማታል። እየሩስም እዚሁ ከተማ ቤት ተከራይታ ትማራለች። መንገድ ላይ ስታየን ወደ ማዶ ትሻገራለች። ታየች አንድም ቀን ጠርታት አታውቅም።

ጥር ላይ ጤናዬ የምትባል ሴት ልጇን አስከትላ መጣች። ግቡ ብንላት ከደጃፉ አላለፈችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ የደምለው አገር ሰው ነኝ፣ የላከኝም እሱ ነው አለች።

"ምን ብሎ ላከሽ?" አለቻት ታየች።

ሴትዮዋ ወደ እኔ አየች፤ ከእኔ እርዳታ ብታጣ መሬት መሬት አየች።

"ክፉ ሴት ናት አለኝ። ግን እሷ ሳታይልሽ ሰባራ ሳንቲም እንዳትከፍዪ አለኝ።"

ታየች ነጠላዋን ከሚስማሩ አወረደችና ክንዷን እንድይዛት ወደ እኔ ዘረጋችው።