የወፎቹ መጽሐፍና የጆንያው ክር

የመጽሐፍ መደብሩ ጅማ መሃል፣ ባጃጆች ሰው ከሚጭኑበት ጥግ ፊት ለፊት ነው። ከሰርቦ ለትምህርት የመጣሁ ሰሞን ከክፍል ስወጣ በቀጥታ ወደዚያ እሄድ ነበር። ከመማሪያ መጻሕፍቱ ጀርባ ስለ ከዋክብት፣ ስለ አንጎል፣ ስለ እንስሳት ለማንም ሰው እንዲገቡ ተደርገው የተጻፉ የሳይንስ መጻሕፍት አንድ መደርደሪያ ሞልተዋል። የመግዛት አቅሙ ስላልነበረኝ ቆሜ አነብ ነበር፤ ግን በጥንቃቄ። መጽሐፉን ሁለት ጣት ያህል ብቻ ገርበብ አድርጌ፣ ጀርባው እንዳይታጠፍ አንገቴን አዘንብዬ አነብና ቦታው ላይ ቀጥ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ጥፋት የሠራሁ አልመሰለኝም።

ባለቤቱ ጸጉራቸው የሸበተ የከተማው ሰው ናቸው። አንድ ቀን፣ አብረውኝ የሚማሩ ሦስት ልጆች እስክሪብቶ ሊገዙ ገብተው ሳለ፣ ከባንኮኒው ሆነው ጠሩኝ።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ድምፃቸው ግን የአባት አልነበረም። «ሳይገዙ ማንበብ ከሰው ድስት እየቀመሱ መሄድ ነው። እናትሽ ይሄን አላስተማረችሽም?»

ልጆቹ ሳቁ። አንደኛው እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ «ቀማሽ» እያለ ሲጠራኝ ከረመ። በእኔ ብቻ ቢያበቃ ይቅርታ ጠይቄ እተወው ነበር፤ ሰው ማስቀየም አልወድም። እናቴን ማንሳታቸውን ግን መተው አቃተኝ። እናቴ ገበያ ወጥታ ቅመሺ ካልተባለች አንዲት የብርቱካን ክፋይ የማትነካ ሴት ናት።

ከዚያ ወዲያ ወደ ውስጥ አልገባሁም። ባጃጅ ስጠብቅ ግን በመስታወቱ አያቸዋለሁ። እሳቸውም ያነባሉ። የሚሸጠውን አዲስ መጽሐፍ ሁለት ጣት ያህል ገርበብ አድርገው፣ አንገታቸውን አዘንብለው፣ ልክ እንደኔ። ደንበኛ ሲገባ ከቡና ጆንያ የተመዘዘ የቃጫ ክር ገጹ መሃል ያስገቡና መደርደሪያው ላይ ይመልሱታል። መጽሐፉ ስለ ወፎች ነበር። ሽፋኑን አውቀዋለሁ፤ እኔም ጀምሬው ነበር፣ ሌላ ቅጂም የለውም።

አጎቴ ለኢድ ጫማ ግዢበት ያለኝን ብር ሳልነካ አስቀመጥኩ። ከዚያም በግራ እጃቸው የያዙት ገጽ ከቀኙ እስኪወፍር ድረስ በትዕግሥት ጠበቅሁ።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ገብቼ፣ ሰላምታ አቅርቤ፣ መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ አኖርኩት። የክሩ ጫፍ ከላይ ብቅ ብሏል። ፊታቸው ተለዋወጠ። ስለ ከዋክብት የተሻለ አለ አሉኝ። ይሄንኑ ነው የምፈልገው አልኳቸው። ለሚቀጥለው ሳምንት ላስቀምጥልሽ ሲሉ ለፈተና አስፈልጎኝ ነው አልኩ፤ ውሸቴን ነበር። ከመጠቅለላቸው በፊት ክሩን ሊመዙት ሲሉ ግን እጄን ዘረጋሁ።

«ይተዉት አባባ፣ እኔ አወጣዋለሁ።»

ማደሪያ ክፍሌ ደርሼ ክሩ ያለበትን ገለጥኩ። ምዕራፉ የሚጠይቀው፣ ከአገር አገር የሚሰደዱ ወፎች በጨለማ ሲበሩ መንገዱን በምን እንደሚያውቁት ነው። እሳቸው መልሱ ላይ ሊደርሱ ሦስት ገጽ ሲቀራቸው ነበር ያቆሙት። ብቻዬን ሳቅሁ። መጽሐፉን ጀርባው እስኪንቋቋ በሰፊው ከፍቼ እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

በማግሥቱ ባጃጅ ስጠብቅ ሽፋኑን ወደ መስታወቱ አዙሬ አነብ ጀመር። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚያው። ተራዬ ሲደርስ ለሌላ ሰው እየለቀቅሁ ቆየሁ። በአራተኛው ቀን ከሱቃቸው ወጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ወፎቹ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መንገዱን በምን ነው የሚያውቁት?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ስጠየቅ መመለስ እወዳለሁ፤ ክፍል ውስጥ እጄን ቀድሜ የማወጣው እኔ ነኝ። አንገቴን በአክብሮት ዝቅ አደረግሁ።

«አባባ፣ ሳይገዙ መቅመስ ነውር ነው» አልኳቸው። «እናቴ አስተምራኛለች።»

ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ባጃጅ መጣልኝ፤ ገባሁ።

መጽሐፉ አሁን ሰርቦ፣ እናቴ ቤት ነው። ክሩ እሳቸው ያቆሙበት ገጽ ላይ እንዳለ አለ። አላወጣሁትም።