የገንዳው ዓሦችና ቢጫው ጋውን

የጋራዥ ባልደረቦቹ «ካምቢዮ» ይሉታል። ዕድሜውን መኪና ሥር ተጋድሞ የጨረሰ መካኒክ ነው፤ ጡረታ ወጥቶም እጁ ሥራ ካልያዘ ያመዋል። ሚስቱ ስትሞት ግን የትም ቦታ አላመመውም። ለቀስተኛው ሲያነባ እሱ ወንበር ይደረድር ነበር። ሰው «ጠንካራ ነው» አለ። ምን ጥንካሬ አለው፣ ውስጡ ባዶ በርሜል ሆኖበት እንጂ።

ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ነበረች። ጓሮ ባስቆፈረችው ገንዳ የጌጥ ዓሣ ታረባ ነበር፤ ሲክሊድ የሚሏቸውን፣ የምንበላው የቆሮሶ ዓሣ የሥጋ ዘመዶች ሆነው ሰማያዊና ብርቱካናማ ለብሰው የሚንቀባረሩትን። ሌላው ሰው በመስተዋት ሣጥን ከነማሞቂያው የሚያኖራቸውን፣ እሷ «አገሩ ራሱ ማሞቂያ አይደል?» ብላ ደጅ ለቀቀቻቸው፤ ተዋለዱላት። ከሥራ ስትመለስ ቢጫ ጋውኗን ሳታወልቅ፣ የሰሌን ባርኔጣዋን ደፍታ በቀጥታ ወደ ገንዳው ነበር የምትሄደው። ካምቢዮም «እኛ ቤት መጀመሪያ የሚበላው ዓሣው ነው» እያለ ያጉረመርማል። ሆስፒታል ተኝታ የመጨረሻ ቃሏ «ዓሦቼን አደራ» ነበር። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።

አደራውን የተወጣው ታዲያ እንደ መካኒክ ነው። የገንዳው ውሃ አረንጓዴ ነበር፤ ቆሻሻ መሰለው። ከቀብሩ ብዙም ሳይቆይ ዓሦቹን በባልዲ አውጥቶ፣ ግድግዳውን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ፣ ከሥር የተጋደሙትን የተሸረፉ እንስራዎች አውጥቶ አጥሩ ሥር ጣለና የቧንቧ ውሃ ሞላበት። ገንዳው ታጥቦ እንደተገጠመ ሞተር አበራ። በማግስቱ ግማሾቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። ሊኩል ሲል ዓይን አጠፋ ማለት ይኼ ነው። ለቃቅሞ ቀበራቸው። ያኔም ምንም አልተሰማውም፤ ፍርሃት ቢጤ የያዘውም በዚህ ነው።

የተረፉት ጥግ ይዘው ተሸጎጡ። ምግብ ሲበትን አንድም አይወጣ። ምግቡ ይበሰብሳል፣ እነሱ ይከሳሉ። ቢጨንቀው የሚስቱ ደንበኛ የነበረውን የጌጥ ዓሣ ነጋዴ ጠራ። ነጋዴው እጁን ውሃው ውስጥ ነከረና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ አረንጓዴውኮ ምግባቸውም ጥላቸውም ነበር። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ደግሞ እንስራው ውስጥ ነው። የቧንቧ ውሃም ክሎሪኑ እንዲወጣለት በርሜል ውስጥ ሳያድር አይሰጣቸውም።»

«እሺ፣ ያጠፋሁትን አጥፍቻለሁ። አሁንስ?»

«እንስራውን ይመልሱላቸው። አረንጓዴው ፀሐይ ሲመታው ራሱ ይመጣል። እስከዚያ ግን ካልበሉ ማለቃቸው ነው።»

«እምቢ አሉኛ! ልለምናቸው?»

«እርስዎን አያውቁማ። ዓሣ ሰው ይለያል። እትዬ ሲመጡ ቢጫ ጋውናቸውን ከሩቅ አይተው ነው የሚንጋጉት።»

ካምቢዮ ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። እንስራዎቹን መልሶ አጋደመና ወደ ቤት ገባ።

ሴት ልጁ የእናቷን ልብስ ለተቸገረ ልትሰጥ መጥታ ስታጣጥፍ ነው የዋለችው። ጆንያውን ሞልታ፣ ደክሟት በእናቷ አልጋ ላይ ጋደም ብላለች። ጋውኑ ከላይ ነበር። ካምቢዮ በገዛ ቤቱ እንደ ሌባ በእግሩ ጣት ሄዶ መዘዘው።

ለበሰው። ትከሻው ላይ ቢይዘውም ገባለት። ባርኔጣዋንም ደፋ። ጎረቤት ቢያየው አበደ እንደሚለው ያውቃል፤ ይበል። ገንዳው ዳር ቁጢጥ ብሎ ምግቡን ቆንጠር አድርጎ በተነ።

መጀመሪያ አንዲት ብርቱካናማ ከእንስራው አፍ ብቅ አለች። ከዚያ ሁሉም፣ እየተገፋፉ፣ አፋቸውን ከፍተው ወደ ቢጫው መጡ። ጣቱን ሳይቀር ለቀም ለቀም አደረጉት። በሉ።

እሷ የመጣች መስሏቸዋል። ይህን ሲያስብ ጉሮሮው ላይ አንድ ነገር መጥቶ ተቀረቀረ። ከሞተች ጀምሮ ያመመው የመጀመሪያው ቦታ ያ ነው።

ከኋላው የጓሮው በር ሲጥጥ አለ።

«እማዬ፣ በዚህ ፀሐይ ምን…» አለች ልጁ፣ እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ። በሩን እንደያዘች ቀረች።

ካምቢዮ መዞር ነበረበት። ከዞረ ግን የምታየው የእሱን ፊት ነው። ልጁ እናቷን ትንሽ ብታያት ምን አለበት ብሎ፣ ባርኔጣውን ዝቅ አደረገና ጀርባውን እንደሰጣት ቆየ።